ባሕር ማዶ ሲኬድ በሰዓትና በርቀት ስሌት የሚሠሩ ስህተቶች

አክስቴ ልጇን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ትኬቱ ላይ «ሐሙስ 00:15» ይላል። ሐሙስ ማታ በርበሬውንና ዳቦ ቆሎውን ጭነን ከአዳማ ቦሌ ደረስን። ሠራተኛዋ ትኬቱን አየች፣ ደግማ አየች። «ማዘር፣ ይሄ በረራ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል።» አክስቴ የሻንጣዋን እጀታ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ ልጄ?»

ትኬቱን ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። ለዚህ ነው ይህን ስህተት ከሁሉም የማስቀድመው። በእኛ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ስለዚህ «ሐሙስ 00:15» ማለት ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:15 ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ ማታ ነው። ከ00:00 እስከ 06:00 የሚነሳ በረራ ሁሉ እንዲሁ ነው። በተለይ ለእናትና ለአባት ትኬቱን አንብቦ መተው አይበቃም። «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ሁለተኛው ስህተት የመድረሻውን ሰዓት ከመነሻው ቀንሶ «ጉዞው ይሄን ያህል ነው» ማለት ነው። ትኬት ላይ ሁለቱም የሚጻፉት በየአገሩ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ማታ 4:30 ከቦሌ ተነስቶ በዋሽንግተን ጠዋት 2 ሰዓት የሚደርስ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የፈጀ ይመስላል። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል ወይም 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እነሱ ሰዓታቸውን የሚለውጡት በእኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያም በጥቅምት መጨረሻ ነው። በዚያ ሰሞን ተቀባያችሁን ሰዓቱን ደግማችሁ ጠይቁ።

ርቀትን ለፍጥነት ማካፈልም ያሳስታል። ከቦሌ እስከ ዳለስ፣ የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ሲካፈል ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። ሲመለሱ እውነትም ለዚህ የቀረበ ነው። ሲሄዱ ግን ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ አውሮፕላኑን ይይዘዋል። ደግሞም ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ከባድ ነው። መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው በዚህ ምክንያት ነው። ዳለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ሲመለስ ይህ ችግር የለም።

ግድግዳ ላይ ባለ ካርታ በማስመሪያ መለካትም አያዋጣም። ምድር ክብ ናት። አጭሩ መስመር በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን በኩል ወደ ሰሜን ታጥፎ ነው አትላንቲክን የሚሻገረው። የሰማዩ መንገድ ደግሞ ይዘጋል። በ2015 ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ አውሮፕላኖች መዞር ግድ ሆኖባቸዋል።

የመጨረሻው የኛው የአዳማዎች ስህተት ነው፤ «በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ነው» ማለት። አንድ ሰዓቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የቃሊቲ መጨናነቅ ታውቁታላችሁ። በረራው ማታ 4:30 ከሆነ 1:30 ላይ ቦሌ መድረስ አለባችሁ። እኔ አሁን ሰው ስሸኝ ከአዳማ የምነሳው ከቀኑ 10:30 ላይ ነው።