«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜን ፖሊሶች የወሰዱት ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ሲሉት ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ። ያን ሰሞን እሱም እኛም የሠራነውን ስህተት ዛሬም ጎረቤት ሲደግመው አያለሁ።

ሳይጠይቁ መሄድ። የሚፈለጉት ለምስክርነት ነው ወይስ ተጠርጥረው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው ያዛል። ይጠይቁ፤ የትኛው ጣቢያ እንደሚወሰዱም ለሰው ይንገሩ። መታገል ግን ሌላ ክስ ይጨምራል እንጂ አያስፈታም።

«ሰው አለኝ» የሚል ሰው ማሳደድ። ቅዳሜና እሑድ ያለቁብን አንድ ኮማንደር ያውቃል ለተባለ ሰው ስንደውል ነው። «ይዤዋለሁ፣ አታስቡ» ይልና ስልኩን ያጠፋል። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ከቆጠራው የሚወጣው ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም የሚል ነገር አንቀጽ 19 ውስጥ የለም። ወንድሜ የቀረበው ማክሰኞ ነበር። የፖሊስ መዝገብ «የተያዘው እሑድ ነው» ይላል፣ እኛ ዓርብ እንላለን። ያኔውኑ ለዘመድ የተላከች አንዲት የስልክ መልእክት ብትኖረን ኖሮ ዳኛው የሚያዩት ነገር ይኖር ነበር። 48 ሰዓቱ ካለፈ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ፍርድ ቤት እንዲፈታው የሚጠየቅበት ማመልከቻ፣ ማቅረብ እንደሚቻልም ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ያላነበቡትን ቃል መፈረም። ከሁሉም የከፋው ይኼ ይመስለኛል። መርማሪው በእጁ ይጽፋል፣ በሩጫ ያነብባል፣ ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ» ይላል። ወንድሜ «ስልኩን ገዝቼዋለሁ» ያለው «የተሰረቀ መሆኑን እያወቅሁ ገዝቼዋለሁ» ሆኖ ቆየው። ተጠርጣሪ ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ቃል ከሰጡ ራስዎ ያንብቡት፤ ያላሉት ካለ ሳይታረም አይፈርሙ። ተገድዶ የተሰጠ ቃል ፍርድ ቤት በማስረጃነት አይቀበለውም፤ ነገር ግን «በኋላ እክደዋለሁ» ብሎ መፈረም፣ መገደድን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ካለማወቅ ነው።

ጊዜ ቀጠሮ ላይ አንገት መድፋት። ጊዜ ቀጠሮ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ጊዜ ነው። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ሕጉ አልገደበም። ስለዚህ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ሲል ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደቀረው እንዲያስረዳ ይጠይቁ፤ ዋስትናም ይጠይቁ። ተመትተው ከሆነ እዚያው ችሎት ፊት ልብስዎን ገልጠው ያሳዩ፣ ሕክምና ይታዘዝልኝ ይበሉ፣ መዝገብ ላይም ይስፈርልኝ ይበሉ።

የብርበራ ዝርዝር አለማየት። ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የተወሰደው ዕቃ አንድ በአንድ መጻፉን ሳያዩ አይፈርሙ። ከእኛ ቤት የወጣው ላፕቶፕ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም፤ ወንድሜ ሲፈታም «የቱ ላፕቶፕ?» አሉን።