ከአማርኛው ስም የሚጀምር የአርማ ሥራ፦ ለአነስተኛ የዲዛይን ስቱዲዮ የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ሰው ይዞ የሚሠራ የብራንዲንግና የዲጂታል ዲዛይን ስቱዲዮ በሰው ኃይልም ሆነ በመሣሪያ ከትልልቅ የማስታወቂያ ድርጅቶች ጋር ሊስተካከል አይችልም፤ ሊበልጣቸው የሚችለው የደንበኛውን ስም በአማርኛ ፊደል አሳምሮ በመሥራት ነው። ብዙውን ጊዜ አርማው በላቲን ፊደል ተሠርቶ፣ ተወዶና ጸድቆ ካበቃ በኋላ የአማርኛው ስም በኮምፒውተሩ ውስጥ በተገኘው ፎንት ተተይቦ ከሥሩ ይለጠፋል። ሰዉ ግን ያንን ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የሚጠራውም፣ ለሌላው የሚጠቁመውም በአማርኛ ስሙ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ቅደም ተከተል መገልበጥ ለሚፈልግ ስቱዲዮ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው ስብሰባ አንሥቶ ፋይሎቹ እስኪረከቡ ድረስ እንዴት ቢመራ እንደሚሻል ከሠራነውና ከተሳሳትነው ተነሥቶ ያስረዳል።

ከመሣል በፊት

ለመጀመሪያው ስብሰባ ደንበኛው ይዞ እንዲመጣ የምንጠይቀው የወደዳቸውን አርማዎች ምስል ሳይሆን የንግድ ፈቃዱን ቅጂ ነው። አማርኛ አንድ ድምፅ የሚጋሩ ፊደላት አሉት፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም «ፀሀይ»፣ «ጸሐይ» ወይም «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ እንኳ ፈቃዱ በአንዱ፣ ማኅተሙ በሌላው፣ የቴሌግራም ቻናሉ በሦስተኛው ተጽፎ ይገኛል። ከዓመታት በፊት የአንድን ደንበኛ ስም በሠ ሠርተን፣ ታፔላው ተቆርጦ ከተሰቀለ በኋላ፣ ፈቃዱም ማኅተሙም በሰ መሆናቸውን ያወቅነው ከደንበኛው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ጥፋቱ ሰነዱን ሳንጠይቅ በጆሯችን የሰማነውን የጻፍነው የእኛ ስለነበረ፣ ታፔላው በስቱዲዮው ወጪ እንደገና ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ውሉ የመጀመሪያ ገጽ ስሙን ፊደል በፊደል ለያይቶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው፤ ደንበኛው ከሥሩ ሳይፈርም እርሳስ አናነሣም።

አንዱ አጻጻፍ ከጸና በኋላ የቀሩት አይጣሉም። በስልክ የሚፈልግ ሰው የሚቀርበውን ቁልፍ ስለሚነካ፣ በድረ ገጹና በማኅበራዊ ገጾቹ መግለጫ ውስጥ የተለመዱት ሌሎች አጻጻፎች አንድ ቦታ ላይ ቢጠቀሱ ፈላጊው ያገኛቸዋል፤ በአርማው፣ በታፔላውና በደብዳቤው ላይ ግን የጸናው አጻጻፍ ብቻ ይታያል።

ለደንበኛው በዚሁ ስብሰባ መነገር ያለበት ሌላ ጉዳይ በንግድ ስምና በንግድ ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ብዙዎች ፈቃድ ስላወጡ አርማቸውም የተጠበቀ ይመስላቸዋል። ስሙ በንግድ መዝገብ ሲመዘገብ፣ ምልክቱ የሚመዘገበው ግን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ሊታደስ ይችላል። ስለዚህ ተመሳሳይ ምልክት ቀድሞ መመዝገቡን የማጣራቱ ሥራ ረቂቁ ከመወደዱ በፊት ቢከናወን ይመረጣል፤ ሰው አንዴ የወደደውን አርማ ተወው ማለት ከባድ ነው። ማመልከቻውን ማን እንደሚያስገባና ክፍያውን ማን እንደሚሸፍንም በውሉ ይጻፍ።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ ቢሆንም ጥቂት ነገሮችን ሊዘል አይገባውም። ስንት ረቂቅ እንደሚቀርብ (እኛ 2 እናቀርባለን፤ 10 ረቂቅ ማቅረብ ምርጫውን ለደንበኛው ትቶ መሸሽ ነው ብዬ አምናለሁ)፣ ስንት ዙር ማሻሻያ በዋጋው ውስጥ እንደሚካተት፣ የአርማው የኢኮኖሚ መብት (አርማውን የማባዛትና የመጠቀም መብት) መቼ ወደ ደንበኛው እንደሚተላለፍ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው አንድ ሰው ማን እንደሆነ ይገልጻል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ በቤተሰብና በሽርክና ለተቋቋሙ ድርጅቶች ዋጋው ትልቅ ነው፤ በሁለተኛው ስብሰባ ያልነበረ ወንድም ወይም ሸሪክ በአምስተኛው መጥቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሊያስጀምር ይችላል። ክፍያውን ግማሹን በቅድሚያ፣ ቀሪውን ፋይሎቹ ለደንበኛው ከመሰጠታቸው በፊት መቀበል የተለመደ ሲሆን፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ስቱዲዮ የሚጨምረው 15 በመቶ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ተለይቶ ይታይ። ዋጋ ማቅረቢያው የሚጸናበት ጊዜም ይገደብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈሉት የሶፍትዌር ኪራዮች በብር ሲታሰቡ እጅግ ስለናሩ፣ ከወራት በፊት የተሰጠ ዋጋ ስቱዲዮውን ሊያከስር ይችላል።

የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ሥራ ስንቀበል፣ ርክክቡ የሚፈጸምበትን ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም የየትኛው ከተማና የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለይተን እንጽፋለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ «ነገ በ3 ሰዓት» የሚለው ቃል ብቻውን ለሁለት ሰዎች ሁለት ቀጠሮ ይሆናል።

ፊደሉን መሥራት

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የስሙ የመጀመሪያ ረቂቅ በኮምፒውተር ሳይሆን በወረቀት ላይ፣ በሰፊ አፍ ብዕር ቢጻፍ ፊደሉ የራሱን ጠባይ ይናገራል። በብራና መጻሕፍታችን የምናየው ቁም ጽሕፈት በመቃ ብዕር የተጻፈ ስለሆነ፣ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ አግድም የሚሄደው ይቀጥናል፤ የዓይናችን ልማድም ከዚያ የመጣ ነው። ዘመናዊ አርማ ይህን ውፍረትና ቅጥነት እኩል ሊያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን መገልበጥ፣ ማለትም አግድሙን አወፍሮ ቋሚውን ማቅጠን፣ ምክንያቱን አንባቢ ባያውቀው እንኳ የሚከነክነው ነገር ይፈጥራል።

ቀጥሎ የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ መመርመር ነው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት ከላይ በምትገኘው ትንሽ አግድም መስመር ነው፤ ስሙ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋውም እርሷ ናት። በሣልሱ «ሊ» እግር ጫፍ ያለው ሰረዝና በኃምሱ «ሌ» እግር ጫፍ ያለው ቀለበትም እንዲሁ ናቸው፤ ፊደሉ ከመጠን በላይ ሲወፍር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈንና «ሌ» «ሊ» መስሎ ይነበባል። ስለዚህ የስሙ ውፍረት የሚወሰነው በሚያምረው ፊደል ሳይሆን ቀድሞ በሚጎዳው ፊደል ነው። ቀለበቱን ከተለመደው ጥቂት ማስፋት፣ የላይኛዋን መስመር ከፊደሉ ጥቂት ማራቅ፣ አስፈላጊም ሲሆን ለትንሽ መጠን የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ መሥራት ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ስሙን በስልክ ላይ ቁመቱ 16 ፒክስል እስኪሆን ድረስ አሳንሶ፣ ድርጅቱን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብ መጠየቅ። ተጠራጥሮ ካነበበ ሥራው አላለቀም።

በፊደላት መካከል ያለው ርቀት በዓይን ይስተካከል። መ፣ ሠ እና ጠ ሰፋፊ ሲሆኑ ነ እና ገ ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹ ፎንቶች የሚሰጡት ርቀት ለጽሑፍ ገጽ የታሰበ ስለሆነ፣ በትልቁ ሲታይ በአንዱ ቦታ ክፍተት፣ በሌላው መጨናነቅ ይታያል። ስሙን ገልብጦ ማየት፣ ማንበቡን ትቶ ነጩን ቦታ ብቻ ለማየት ይረዳል። የላቲኑ ስም የሚሳለው ከዚህ በኋላ፣ የአማርኛውን ውፍረትና የጫፍ አቆራረጥ ተከትሎ ነው። የእኛ ፊደል ዐቢይና ንዑስ ብሎ ስለማይለይ፣ በዐቢይ ፊደላት ብቻ የተጻፈ የላቲን ስም ከጎኑ ሲቆም ይበልጥ ይግባባዋል፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ በንዑስ ፊደላት አስማምተው የሠሩ ዲዛይነሮችንም አይቻለሁ።

ለጽሑፍ የሚሆን ፎንት ሲመረጥ ፈቃዱና የውፍረት ደረጃዎቹ ይታዩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ያሉ ደረጃዎች ያሉትና በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ በመሆኑ ለድረ ገጽ ይመቻል፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልም በክፍት ፈቃድ የሚገኝ፣ ለረጅም ጽሑፍ የሚያምር ፎንት ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ቅጂ ስለሌለው ሶፍትዌሩ በግድ ሲያወፍረው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ደንበኛው የሚሰጠው የቆየ ጽሑፍ ደግሞ አስቀድሞ ይፈተሽ። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ለዓመታት ከዚያ በኋላ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶች ወደ ድረ ገጽ ሲገቡ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆነው ይወጣሉ። መልሶ መተየቡ ወይም መቀየሩ ጊዜ ስለሚወስድ በዋጋው ውስጥ ይታሰብ።

ማኅተም፣ ታፔላና ስልክ

በእኛ አገር አርማ ከሁሉ በፊት የሚፈተነው በማኅተም ነው። በክቡ ዙሪያ የድርጅቱ ስም በሁለት ቋንቋ ከሰፈረ በኋላ ለአርማው የሚቀረው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ ቀለሙም አንድ ብቻ ነው፤ መቺውም ቸኩሎ ይመታዋል። ስለዚህ ረቂቁ ለደንበኛው ከመቅረቡ በፊት በአንድ ቀለም፣ ያለ ጥላና አንዱ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ሳይለወጥ ይሠራ። በቴሌግራምና በፌስቡክ ምስሉ በክብ ስለሚቆረጥ፣ ረጅም ስም ያለው ድርጅት ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተሠራ አጭር ምልክት ያስፈልገዋል።

ለታፔላ የሚበጀው ዘዴ ስሙን በእውነተኛ መጠኑ በተቀጣጠሉ ወረቀቶች አትሞ ግድግዳው ላይ መለጠፍና ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ማየት ነው። ብርሃን የሚገባባቸው ፊደላት የሚሠሩ ከሆነ፣ ቀጭኑ መስመር መብራቱን የሚይዝ መሆኑን ከሠራተኛው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በሕትመት ስለሚደበዝዝ፣ የቀለሙ የሕትመት ልክ ለብቻው ይወሰን፤ ከማተሚያ ቤቱም የሙከራ ቅጂ ይጠየቅ። ቡና የሚሸጥ ሁሉ ጀበና፣ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እንዲይዝ የሚጠይቀውን ደንበኛ በትዕግሥት ማነጋገር የዚህ ሙያ ግዴታ ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ አሥር ጀበና ከተሰቀለ አንዱም አይለይም።

በድረ ገጽ ላይ የመስመሮች ርቀት ለላቲን ከሚበቃው ሰፋ ይበል፤ እኛ ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ እንጠቀማለን። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ ውስጥ ይገለጽ፤ የጽሑፉና የመደቡ የድምቀት ልዩነት (ኮንትራስት) ከ4.5 ለ1 አይነስ፤ አብዛኛው ጎብኚ በስልክ ዳታ ስለሚገባም ምስሎቹ ይቅለሉ።

የስቱዲዮው ውሎ

ትንሽ ስቱዲዮ የሚጎዳው ሁሉም ሰው ሁሉንም ሲሠራ ነው። በእኛ ዘንድ ጠዋቱ ለመሣል ብቻ ይተዋል፤ ስልክና ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ይሆናሉ። ከቡና ሰዓት ጋር የተያያዘ የግማሽ ሰዓት ግምገማ አለ፤ የዕለቱ ሥራ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና መጀመሪያ የሚናገረው ከሁሉ ታናሹ ነው፤ ኃላፊው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው አስተያየቱን ይውጣልና። በ1950 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ወይም ከሌላ ቦታ የሚመጣ ተለማማጅ ሲቀበሉ፣ የቀድሞ ሥራዎችን ፋይል እንዲያደራጅ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ፊደል በእጁ እንዲጽፍ ቢደረግ ይጠቀማል፤ የድካሙም ዋጋ ይከፈለው።

የዓመቱን አቅድ የሚወስነው የአገሩ አቆጣጠር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ግንቦትና ሰኔ በጀታቸውን መጠቀም የሚፈልጉ መሥሪያ ቤቶች የሚያጣድፉበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ወቅት ለሠራተኛ የዕረፍት ፈቃድ መስጠትም አዲስ ትልቅ ሥራ መጀመርም አይመከርም። የእንቁጣጣሽ ሥራ ሐምሌ ላይ ካልተጀመረ ነሐሴ ላይ ማተሚያ ቤት አይገኝም። መብራት በሚቋረጥበት ቀን ሥራ እንዳይጠፋ ፋይሎቹ በየምሽቱ በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይሁን።

ርክክቡ በቴሌግራም በተላከ አንድ ምስል አይፈጸምም። ደንበኛው ፊደላቱ ወደ ቅርጽ የተቀየሩበትን የቬክተር ፋይል (ቢያሰፉትም ቢያሳንሱትም ጥራቱን የማያጣ) በኤስቪጂና በፒዲኤፍ፣ መደቡ ክፍት የሆነ ምስል፣ የማኅተሙን ባለ አንድ ቀለም ቅጂ፣ ለትንሽ መጠን የተሠራውን፣ እንዲሁም አጻጻፉን፣ ቀለሙንና በዙሪያው የሚተወውን ቦታ የሚያሳይ ከ6 ገጽ የማይበልጥ መመሪያ በአማርኛ ተጽፎ ይረከባል። በአማርኛ መሆኑ ግድ ነው፤ ያንን ወረቀት ወደፊት የሚከፍቱት ታፔላ ሠሪው፣ ማኅተም ቀራጩና ገጹን የምትይዘው አዲሷ ሠራተኛ ናቸው። ከ6 ወር በኋላም ከስቱዲዮው አንድ ሰው በድርጅቱ በር ሄዶ ታፔላውን፣ ደረሰኙንና ከረጢቱን ያይ፤ የተዛባውን ፎቶ አንሥቶ ሲመለስ፣ በመመሪያው ላይ የትኛው ገጽ ግልጽ እንዳልነበረ ከፎቶው ይታወቃል፤ ያ ገጽ በቀጣዩ ሥራ እንደገና ይጻፋል።