ቪላን በበዛበት ራውተር ላይ ፖርት መክፈት

ራውተሩ ላይ አንድ ኔትወርክ ብቻ ካለ ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከውጭ የመጣን ጥያቄ ውስጥ ላለ ሰርቨር ማስተላለፍ) ቀላል ነው። ፖርቱንና የሰርቨሩን አይፒ ትሞላላችሁ፣ አለቀ። ቪላን (በአንድ ራውተር ላይ ከሌላው ተለይቶ የሚሠራ ኔትወርክ) ሲበዛ ግን ሁሉንም በትክክል ሞልቶም ከውጭ አልገባ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ፖርት መክፈት ሁለት ሥራ ስለሆነ ነው፦ ናቱ (የአይፒ አድራሻ መቀየሪያው) አድራሻውን ይቀይራል፣ ፋየርዎሉ (ማጣሪያው) ደግሞ ያሳልፋል። አንዳንዱ ራውተር ሁለተኛውን ራሱ ይሠራላችኋል፣ አንዳንዱ አይሠራም።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ራውተሩ በዋን (በኢንተርኔቱ) በኩል ያገኘውን አይፒ እዩ። በ10፣ በ192.168 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከፊቱ ሌላ ናት አለ። ያ ራውተር የናንተ ከሆነ እሱም ላይ ፖርቱን ክፈቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ አንዱን ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው ማለት ነው፤ ራውተራችሁ ላይ የቱንም ብትነካኩ ለውጥ የለውም፣ የራሳችሁን ፐብሊክ አይፒ ጠይቁ።

እሺ፣ ሰርቨሩ ቪላን 30 ውስጥ በ192.168.30.10 ላይ ነው እንበል፤ የምንከፍተው ፖርት 443 ነው።

መጀመሪያ አይፒው እንዳይቀየር አይፒ በሚያድለው ዲኤችሲፒ ላይ ይሄንኑ አይፒ ለሰርቨሩ ማክ አድራሻ (ለኔትወርክ ካርዱ መለያ) ያዙለት። ከዚያ የሰርቨሩን ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጣበትን በር) አረጋግጡ፣ የራውተሩ የቪላን 30 አድራሻ መሆን አለበት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሰርቨሩ ሁለት ቪላን ውስጥ እግር ካለው ወይም ቪፒኤን ከበራበት ጥያቄው በአንድ በር ይገባና መልሱ በሌላ በር ይወጣል፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ፖርቱ የተዘጋ ይመስላል።

ናቱ ላይ መግቢያው ዋን፣ ፕሮቶኮሉ ቲሲፒ፣ የውጭ ፖርት 443፣ መድረሻው 192.168.30.10 ፖርት 443 ይሁን። የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ በዋን በኩል በ443 ክፍት ከሆነ ዝጉት፤ ለደህንነቱም ለውጭ ክፍት መሆን የለበትም።

ፋየርዎሉ ላይ ከዋን ወደ ቪላን 30 ፍቀዱ። ሊኑክስ ላይ በተሠሩ ራውተሮች አድራሻው የሚቀየረው ፓኬቱ ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚጻፈው ፐብሊክ አይፒው ሳይሆን 192.168.30.10 ነው። ከውጭ 8443ን ከፍታችሁ ወደ 443 ብታዞሩም ፋየርዎሉ የሚያየው 443ን ነው። ፈቃዱ ሁሉን ከሚከለክለው መስመር በላይ መቀመጡንም እዩ።

አደራ፣ ከቪላን 30 ወደ ሌሎቹ ቪላኖች የሚነሳ ግንኙነትን ከልክሉ። አንድ ሰው ሰርቨሩን ሰብሮ ቢገባ ካሜራዎቻችሁና የግል ኮምፒውተሮቻችሁ ጋ እንዳይደርስ የሚያደርገው ይሄ ነው። ለርቀት ዴስክቶፕ 3389ን ለዓለም መክፈት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፣ ለሱ ቪፒኤን አለ።

ስትሞክሩ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በስልክ ዳታ ይሁን፤ ራውተሩ ላይ ሄርፒን ናት (ከውስጥ ወደ ፐብሊክ አይፒው የሄደን ጥያቄ ወደ ውስጥ የሚመልሰው) ካልበራ ውስጥ ሆናችሁ በፐብሊክ አይፒው መግባት አትችሉም። እምቢ ካለ ራውተሩ ላይ ፓኬት ያዙ፣ ማለትም የሚያልፈውን ትራፊክ መዝግባችሁ እዩ። ዋን ላይ ምንም ካልታየ ችግሩ ከናንተ ራውተር ውጭ ነው። ዋን ላይ ታይቶ ቪላን 30 ላይ ከጠፋ ናቱን ወይም ፋየርዎሉን ፈትሹ። ቪላን 30 ላይ ወጥቶ መልስ ካጣ ግን ጌትዌዩን ወይም የሰርቨሩን የራሱን ፋየርዎል እዩ፤ ዊንዶውስ ላይ አንዳንድ ፈቃዶች ለዚያው ኔትወርክ አድራሻዎች ብቻ የተወሰኑ ናቸው።