ለገና ቤት ማሳመር፦ ከመብራቱ እስከ ቄጤማው

ለገና ቤት ሲያሳምሩ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ቄጤማው ሦስት ቀን ቀድሞ ይገዛና በዋዜማው ይጠወልጋል። ጥዱ ቆሞ ጌጡ ሁሉ ከተንጠለጠለ በኋላ ደግሞ መብራቱ ግማሹ እንደማይበራ ይታወቃል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ከሆነ (በዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2020፣ ታኅሣሥ 28 ነው) ሥራውን ከአራት አምስት ቀን በፊት ይጀምሩ፤ ቄጤማውን ግን ለመጨረሻ ያቆዩት።

መጀመሪያ መብራቱ። የዓምናውን ከካርቶን አውጥተው ወለል ላይ ይዘርጉና ሩብ ሰዓት ያህል ሰክተው ይተዉት። ከዚያ መሰኪያውንና ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ትንሽ ሳጥን በእጅዎ ይዳብሱ። ለብ ቢል ደንበኛ ነው፤ እጅ የሚፈጅ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ግን ይጣል። ከመሐል የጨለመ ክፍል ካለ አምፖሎቹ እዚያ ላይ በተርታ የተያያዙ ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ከላላ ወይም ከተቃጠለ ተርታው በሙሉ ይጠፋል። ነቅለው አምፖሎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን ያድርጓቸው። ገመዱን አይጥ በልታው መዳብ ከታየ በፕላስተር ጠቅልሎ መስቀል አያዋጣም፤ ከሥሩ ውኃ ያለበት ዛፍ ላይ ነው የሚጠመጠመው። ለ1 ሜትር ተኩል ጥድ 200 አምፖል ይበቃል።

ጥዱን ሲገዙ የአንዱን ቅርንጫፍ ቅጠል በጣትዎ ይዘው ወደ ጫፉ ይሳቡት። ቅጠሉ እጅዎ ላይ ከቀረ ከተቆረጠ ሰንብቷል። የሐበሻ ጥድ ሽታው ማንም አይደርስበትም፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ጌጥ ባይቆረጥ ይሻላል። የፈረንጅ ጥድ ለዚህ ይበቃል። ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ያለ ችግኝ ገዝቶ አስጊጦ፣ ክረምት ሲገባ ሊተክለው ይችላል።

ብዙ ቤት ጥዱ የሚቆመው በደረቅ አሸዋ በተሞላ ባልዲ ነው። ቀጥ ብሎ መቆሙን ይቆማል፤ ግን ውኃ ስለማያገኝ በጥቂት ቀን ውስጥ መርገፍ ይጀምራል። ይልቅ ቤት እንደደረሰ የግንዱን ጫፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በመጋዝ እንደገና ይቁረጡ፤ የተቆረጠው አፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሙጫ ስለሚደፈን ወዲያው ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። የ20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ግንዱን መሐል አቁመው ሦስት ጡብ የሚያካክሉ ድንጋዮች ዙሪያውን ያስጨንቁ፣ ክፍተቱን በጠጠር ይሙሉና ውኃ ያፍስሱበት። በመጀመሪያው ቀን በደንብ ይጠጣል፤ ጠዋትና ማታ ማየት ያስፈልጋል። ውኃው ወርዶ የግንዱ አፍ ከደረቀ ግን ኋላ ቢሞሉትም እንደ ልቡ አይጠጣም። ባልዲውን ያረጀ ጥለት ያለው ነጠላ ቢያለብሱት ከማንኛውም አብረቅራቂ ወረቀት ያምራል።

መብራቱን ከታች ወደ ላይ ይጠምጥሙ፤ መሰኪያው ከታች፣ ወደ ሶኬቱ በኩል ይቅር። ከዚያ ኮከቡ፣ ከዚያ ሌላው ጌጥ፣ ጥጡ በመጨረሻ። ለዚህ ቁመት 50 ግራም ጥጥ ብዙ ነው። ቆንጥረው በሁለት እጅ ይሳቡት፤ ከጀርባው ጣትዎ እስኪታይ ይሳሳ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጣል ያድርጉት። ድብልብል ጥጥ በረዶ ሳይሆን የታሸገ ቁስል ነው የሚመስለው። መብራትዎ አሮጌው፣ ሲበራ የሚሞቀው ዓይነት ከሆነ ጥጡን ጭራሽ ይተዉት፤ ጥጥና የደረቀ ጥድ እሳት ለመያዝ የሚበቃቸው ትንሽ ነገር ነው። ኤልኢዲ ከሆነ አምፖሉ እምብዛም ስለማይሞቅ ያን ያህል አያሰጋም። ሻማና ጧፍ ግን ከዛፉ ይራቁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባልና የዛፉን መብራት ከእሱ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰኩ። መብራት ሲሄድ ይንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አምስት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት። ሲተኙም ይነቀላል።

ግድግዳው ላይ ብዙ ባይለጠፍ ይመረጣል። ፕላስተር ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፤ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ክር ስቦ ማንጠልጠል ይሻላል። ፊኛ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ይፈነዳል።

ቄጤማ በዋዜማው፣ በጋድ ቀን ይገዛል። ነጣ ያለው የሥሩ ጫፍ ጭቃ ስለሚይዝ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው ይጣሉ፣ ቀሪውን አጥበው አራግፈው ጥላ ላይ ያጠንፍፉ። እስኪጎዘጎዝ ድረስ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ይደር። ለ4 በ4 ሜትር ሳሎን ሁለት እቅፍ ይበቃል፤ መሬቱ በመሐል በመሐሉ ቢታይ ነው የሚያምረው። ምንጣፍ ካለ ይጠቅለል፤ የተረገጠ ቄጤማ የሚተወው አረንጓዴ እድፍ በቀላሉ አይለቅም። ሴራሚክ ላይ እርጥብ ቄጤማ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ስለዚህ የበሩ ደፍና እናትና አባት የሚያልፉበት መንገድ ባዶ ይሁን። የከሰል ምድጃውና ማጨሻው ሰፋ ያለ የብረት ትሪ ላይ ይቀመጡ፤ ቡናው እስኪያልቅም መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

አሜሪካ ያለ ቤተሰብ ሌላ ችግር አለበት፤ እዚያ የሚሸጠው ዛፍ ብዙው በኅዳር የተቆረጠ ስለሆነ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 እስኪደርስ ይደርቃል። ወይ ዘግይቶ መግዛት፣ ወይ የፕላስቲኩን መያዝ ነው። ዕጣኑንም ከጭስ ማንቂያው ራቅ አድርጎ ማጨስ ነው፤ ያለዚያ በዓሉ በጩኸት ይጀምራል።

ቄጤማው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ተፈርፍሮ አቧራ ሳይሆን ይጠረግ። ጥዱ ውኃ ካልተጓደለበት እስከ ጥምቀት ይቆያል፤ ቅርንጫፉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን የዚያኑ ዕለት ይውጣ። ሲያወጡት መጀመሪያ መብራቱን ይፍቱና ቁራጭ ካርቶን ላይ ይጠቅልሉት፣ የከርሞ ሰው እንዳይረግምዎት።