የጂግሶ ምላጭ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተቆረጠ ጣውላ ጠርዙ ሲቦጫጨቅ፣ መስመሩ ሲጣመም ወይም እንጨቱ ተቃጥሎ ሲጠቁር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ጂግሶው (ምላጩ ከፍ ዝቅ እያለ እንጨት የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ) አለዚያም የሠራተኛው እጅ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየእንጨት ሥራ ቤቱ የሚሠሩ ባለሙያዎች ማሽን ከመቀየራቸው በፊት ምላጩን ቢመረምሩ፣ ችግሩን ብዙ ጊዜ እዚያው ያገኙታል። ምላጭ የሚመረጠው እንጨቱ ታይቶ ነው፤ የእንጨቱ ዓይነት፣ ውፍረትና እርጥበት ሳይታወቅ የተገዛ ምላጭ፣ ዋጋው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሥራውን አያሳምርም።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት፣ ማሽኑ ላይ የተገኘውን ምላጭ እስኪሰበር ድረስ ለሁሉም ሥራ መጠቀም ነው። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ምላጭ ፈጥኖ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ግን ሻካራ ያደርገዋል፤ ጥርሱ የደቀቀው ደግሞ ዘግይቶ ቢቆርጥም ጠርዙን ያለሰልሳል። በአንድ ኢንች ውስጥ 6 ያህል ጥርስ ያለው ለወፍራም ጣውላ፣ 10 ያህል ያለው ለቡፌና ለቁም ሣጥን ሰሌዳ፣ 20 ያህል ያለው ደግሞ ለስስ ኮምፖልሳቶ ይስማማል። ጥርስ መቁጠር የግድ አይደለም፤ ምላጩ ላይ የታተመውን ማንበብ ይበቃል። የጀርመኑ መሣሪያ አምራች ቦሽ በሚጠቀምበትና ብዙ አምራቾች በተከተሉት አሰያየም፣ ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የተባሉት የላቲን ፊደላት ከደቃቁ ጥርስ ወደ ትልቁ የሚሄዱ ናቸው፤ ኦ ለጥምዝ ቁርጥ የተዘጋጀ ጠባብ ምላጭን፣ አር ጥርሱ ወደ ታች የዞረውን፣ ኤፍ ደግሞ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራውን ያመለክታሉ። ስለዚህ ቲ144ዲ ለፈጣንና ሻካራ ቁርጥ፣ ቲ101ቢ ለንጹሕ ቀጥተኛ ቁርጥ መሆኑን ገዢው ከመደብሩ ሳይወጣ ሊያውቅ ይችላል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባሕር ዛፍ በብዛት ስለሚገኝ፣ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ሥራ የሚገባ ጣውላ ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን እርጥብ እንጨት ጥርሱ በደቀቀ ምላጭ ለመቁረጥ መሞከር ሁለተኛው ስህተት ነው። እርጥቡ ብናኝ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ይደፍነዋል፤ ምላጩ መቁረጡን ትቶ መፋተግ ይጀምራል፣ ይግላል፣ እንጨቱንም ያጠቁራል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ጥርሶቹ የተራራቁ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ፣ ብናኙን እየጠረገ የሚያወጣ ምላጭ ነው።

ሦስተኛው፣ የሰሌዳውን መልካም ገጽ ወደ ላይ አድርጎ መቁረጥ ነው። የተለመዱት ምላጮች የሚቆርጡት ወደ ላይ ሲወጡ ስለሆነ፣ የሚቦጫጨቀው የላይኛው ገጽ ነው፤ ስለዚህ መልካሙ ገጽ ወደ ታች መዞር አለበት። ፎርማይካ በተለጠፈበት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የእቃ ማጠቢያ ቀዳዳ ሲወጣ ግን ሰሌዳውን መገልበጥ ሁልጊዜ አይቻልም። በዚህ ጊዜ እንደ ቲ101ቢአር ያለ ጥርሱ ወደ ታች የዞረ ምላጭ ይመረጣል፤ ይህ ምላጭ ማሽኑን ወደ ላይ የመግፋት ጠባይ ስላለው ጠበቅ አድርጎ መጫን ያስፈልጋል።

ጥምዝ ቁርጥ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለቤተ ክርስቲያን አትሮንስ የሚሠራ ባለሙያ በዋንዛ ሰሌዳ ላይ የመስቀል ቅርጽ ፈልፍሎ ሲያወጣ፣ በድሪል ከከፈተው ቀዳዳ ተነሥቶ ጠባቡን ማዕዘን በሰፊ ምላጭ ለመዞር ከሞከረ፣ የምላጩ ጀርባ ከእንጨቱ ጋር እየተጋጨ ቅርጹን ያበላሸዋል። ከ15 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ሰሌዳ እንደ ቲ101ኤኦ ያለው ጠባብ ምላጭ በቀላሉ ይዞራል። ያንኑ ጠባብ ምላጭ ለወፍራም ጣውላ መጠቀም ግን ሌላ ስህተት ነው፤ ከላይ መስመሩን ጠብቆ የሄደው ቁርጥ ጣውላው ሲገለበጥ ከታች ተንጋድዶ ይገኛል፣ ምክንያቱም ምላጩ በእንጨቱ ውስጥ ይታጠፋል። ለእንዲህ ያለው ውፍረት ቲ244ዲን የመሰለ ጠንከር ያለ የጥምዝ ምላጭ ይሻላል። በብዙ ጂግሶዎች ጎን ላይ የሚገኘው ከ0 እስከ 3 የሚዞር ማስተካከያም በጥምዝ ቁርጥ ጊዜ 0 ላይ መሆን ይገባዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምላጩ ወደ ፊትም ስለሚወረወር ፍጥነት እንጂ ጥራት አይገኝም።

ርዝመትም ሊዘነጋ አይገባም። ምላጩ ከ20 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ጫፉ ከእንጨቱ በታች ካልታየ አጭር ነው ማለት ነው፤ ሲመለስ ጫፉ እንጨቱን እየመታ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው የምላጩ ማሰሪያ ቅርጽ ቲ ወይም ዩ መሆኑን ከማሽኑ ጋር አመሳክሮ መግዛትም ከአላስፈላጊ ምልልስ ያድናል።

በመጨረሻ የሚነሣው የምላጩ ብረት ነው። ባለ ከፍተኛ ካርቦን ብረት ምላጭ ለጥድና ለመሰል ለስላሳ እንጨት በቂ ቢሆንም፣ በችፑድ ውስጥ ያለው ሙጫ ጥርሱን ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ ለችፑድና እንደ ወይራ ላለ ጠንካራ እንጨት ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራው ይመረጣል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ከመቆረጡ በፊት ሚስማሩ ተፈልጎ መነቀል አለበት፤ ተሰብሮ የቀረ ሚስማር ሊኖር ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረም እንጨትና ብረት አብሮ ለመቁረጥ የተሠራ ምላጭ ይገጠማል። ምላጭ የሚቀየረው ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ነው፤ ሥራ ላይ የቆየ ምላጭ እጅ የሚያቃጥል ስለሆነም እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል።