ለበጎ አድራጎት ማኅበር ብድር፦ በማን ስም ትጠይቃላችሁ?

ጣና ዳር አሣ ቆራርጠው የሚሸጡ እናቶችን በሚደግፍ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ለፍሪዘር መግዣ ብድር ፍለጋ ፋይል ተሸክሜ ባሕር ዳርን ዞሬአታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሠራተኛዋ የባንክ መግለጫችንን ገልጣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይቺ ብር ልገሳ ናት ወይስ የቆሮሶ አሣ ሽያጭ?» መልስ አልነበረኝም፤ ሁለቱም የሚገቡት በአንድ ሒሳብ ቁጥር ነው። ብድሩ እዚያው ላይ ቀረ።

ለጥቃቅንና አነስተኛ የሚመቻቸው ብድር የታሰበው ለሚነግድ ሰው ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ዕዳውን የሚከፍል ሽያጭ ይጠየቃል። የማኅበር የምዝገባ ምስክር ወረቀት እነዚህን አይተካም።

መንገድ ግን አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ገቢ ማስገኛ ሥራን ይፈቅዳል። የንግድና የግብር ሕጉን ታከብራላችሁ፣ ለሥራው የተለየ የባንክ ሒሳብና መዝገብ ትይዛላችሁ፣ ትርፉን ለአባላት አታካፍሉም። የተመዘገባችሁት በክልል ከሆነ የክልሉን ሕግ ከመዘገባችሁ ቢሮ ጠይቁ። ማኅበሩ ኩባንያ ማቋቋም ቢፈልግ፣ የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ አባል ብቻ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ያውቃል።

እኔ የምመርጠው ግን ሌላውን ነው፦ እናቶቹ ራሳቸው በኢንተርፕራይዝ ተደራጅተው በራሳቸው ስም ይበደሩ። ትርፉም የነሱ ይሆናል፤ ማኅበሩ ሥልጠናውንና የቁጠባ ልምዱን ይደግፍ። ለጋሽ ለሥልጠና የሰጠውን ብር ግን ለብድር ክፍያ አንድም ቀን እንዳትነኩት! አንዴ ከተነካ ለጋሹንም አበዳሪውንም ታጣላችሁ።

ከሁሉ በፊት ደብተሩን ለዩ። የኛ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው፦ ቀን፣ ኪሎ፣ የተገዛበት፣ የተሸጠበት፣ የበረዶ ወጪ። ማታ ማታ እናቶቹ በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላቸዋለሁ። አንዷ «የትናንቱን አምባዛ ረሳሽው» ካለች ይታረማል። ቢያንስ የስድስት ወር ይኑራችሁ፤ ሥራውን የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው።

ቤትና መሬት የለንም ብላችሁ አትመለሱ። አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ ስለሚፈቅድ፣ ማሽንም ሆነ ፍሪዘር ይያዝልን እንደሆነ ጠይቁ። የዕቃ ኪራይ ግዥንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ዕቃው ተከፍሎ እስኪያልቅ በአከራዩ ስም ይቆያል።

ፕሮፎርማ የምትሰበስቡት በመጨረሻ ይሁን። እኛ ቀድመን ሰብስበን፣ ተራችን ሲደርስ የሦስቱም ሱቆች ዋጋ ጊዜው አልፎበት ነበር።