ለቤትና ለካምፕ የሚሆን የካስት አይረን ድስትና መጥበሻ እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ የወጥ ቤት ዕቃ መሸጫዎች ካስት አይረን በሚል ስም የሚቀርቡት ጥቁርና ከባድ መጥበሻዎችና ድስቶች፣ አገር ቤት ቡናና ቆሎ ከምንቆላበት ብረት ምጣድ ጋር በመልክ ይመሳሰላሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያል። የእኛ ብረት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከላሜራ የሚሠራ ስስ ዕቃ ሲሆን፣ ካስት አይረን ግን ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ፣ ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን ያለበት ወፍራም ብረት ነው። ካርቦኑ ብረቱ ቶሎ ቀልጦ ቅርጽ እንዲይዝ ይረዳዋል፤ በዚያው ልክ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። ከእጅ ሲወድቅ እንደ ላሜራ አይጎደጉድም፤ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት ቢታረም መልካም ነው። ካስት አይረን ሙቀትን እኩል ያሰራጫል ሲባል ይሰማል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም ሩብ ያህል ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ይግላል፣ እሳቱ በነካው ቦታ ይበልጥ ይግላል፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል። ጥብስ የሚያምርበትም ለዚህ ነው፤ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲጨመርበት ስስ መጥበሻ ወዲያው በርዶ ሥጋው በውኃው ይቀቀላል፣ ካስት አይረን ግን ሙቀቱን ሳይለቅ ሥጋውን ያንቃቃዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ዕቃውን ከማየት በፊት እሳትን ማየት ነው። የሚያበስሉት በጋዝ ከሆነ ምንም ዓይነት ካስት አይረን ይስማማዎታል። ዕቃውን በማግኔት ኃይል በሚያግለው በኢንዳክሽን ምድጃም ይሠራል፤ ብረቱን ማግኔት ስለሚስበው ችግር የለበትም። ምድጃዎ መስታወት ከሆነ ከታች ጠርዝ ወይም እግር የሌለው፣ መቀመጫው ለጥ ያለ ዕቃ ይምረጡ፤ ሲጠቀሙም እያነሡ ያስቀምጡት እንጂ አይጎትቱት፣ መስታወቱን ይጭረዋል። የመጥበሻው ስፋት ከምድጃው ዐይን ብዙ እንዳይበልጥ ልብ ይበሉ፤ ከበለጠ መኻሉ እያረረ ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

ሁለተኛው የምግቡ ዓይነት ነው። ካስት አይረን በሁለት መልክ ይሸጣል፤ አንደኛው ባዶው ጥቁር ብረት፣ ሁለተኛው እንደ መስታወት ያለ ኢናሜል የተቀባው ባለ ቀለም ድስት ነው። ባዶው ብረት ኮምጣጣ ነገር አይወድም። የቲማቲም ስልስ ወይም ሎሚና ኮምጣጤ የበዛበት ወጥ ለረጅም ጊዜ ቢንተከተክበት በዘይት የተገነባውን ጥቁር ሽፋን ይበላዋል፣ ምግቡም የብረት ጣዕም ያመጣል። ኢናሜል የተቀባው ግን ለዚህ ግድ የለውም፤ ስለዚህ በቤታችሁ ወጥ የሚበዛ ከሆነ ገንዘባችሁን በኢናሜሉ ድስት ላይ ብታውሉት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በዝግታ ሲቁላላ ወፍራሙ መቀመጫና ከባዱ ክዳን የሚያደርጉትን እርዳታ የሞከረው ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱ ቶሎ አያርም፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መተውም ይቻላል። ለአንድ ሙሉ ዶሮ ከ5 እስከ 6 ሊትር የሚይዝ ድስት ይበቃል። በገበያ ከታወቁት «ለ ክሩዜ» የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከ1925 ጀምሮ ይህን ሲሠራ የኖረ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በጣም በረከሰ ዋጋ የሚሸጡትም ያበስላሉ፤ ልዩነቱ በብዛት የሚታየው ኢናሜሉ ስንት ዓመት ሳይፈነቀል ይቆያል በሚለው ላይ ነው። ኢናሜል ያለው ድስት በባዶው እንዲግልም ሆነ በካምፕ እሳት ላይ እንዲጣድ አልመክርም፤ በድንገተኛ ሙቀት ሽፋኑ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው መጠንና ክብደት ነው። ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሰው 10 ኢንች ገደማ፣ ማለትም 26 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ባዶ ብረት መጥበሻ ይግዛ። ክብደቱ ወደ 2.3 ኪሎ ስለሚሆን በአንድ እጅ ይነሣል። ባለ 12 ኢንቹ ወደ 3.6 ኪሎ ይጠጋል፤ ምግብ ሞልቶበት ሲነሣ ሁለት እጅ ይጠይቃልና ከፊት ለፊቱ ሁለተኛ መያዣ ያለውን ይምረጡ። የእጅ አንጓ ሕመም ላለበት ሰው ወይም በዕድሜ ለገፉ እናቶች ትልቁን በስጦታ መስጠት ዕቃውን ቁም ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ መፍረድ ነው።

ለካምፕ የሚሆነው ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ደስ ይለኛል። በአሜሪካ ካምፕ ደች ኦቨን የሚባለው ድስት ከታች ሦስት አጫጭር እግሮች፣ ከላይ የሽቦ ማንጠልጠያ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። እግሮቹ የጉልቻ ሥራ ይሠራሉ፤ ፍሙ ከሥር ይገባል። የክዳኑ ከንፈር ደግሞ ከላይ የተቀመጠው ፍም ተንሸራቶ እንዳይወድቅ፣ ክዳኑ ሲከፈትም አመድ ምግቡ ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል። ከላይም ከታችም እሳት፤ የድፎ ዳቦ አገጋገር ማለት ነው! እናቶቻችን በምጣድና በላሜራ ክዳን ሲሠሩት የኖሩትን ይህ ድስት በአንድ ዕቃ ይሠራዋል። ስለዚህ ለካምፕ ሲመርጡ ለቤት የሚሆነውን፣ ክዳኑ ጉልላት የሆነና እግር የሌለውን ድስት በስሕተት እንዳይገዙ፤ ፍም አይቀመጥበትም።

የፍሙን መጠን ለመገመት የታወቀ ዘዴ አለ። ድስቱ 12 ኢንች ከሆነ ሦስት ጨምረው 15 ፍም ከላይ፣ ሦስት ቀንሰው 9 ከታች ያድርጉ፤ በመደብር የሚሸጠው ታምቆ የተሠራ እኩል መጠን ያለው ከሰል ከሆነ ውስጡ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የታችኛውን ፍም መኻል ላይ አይከምሩት፤ በክብ ያስቀምጡት። በየ15 ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር ወደ አንድ ወገን፣ ክዳኑን ወደ ሌላው ቢያዞሩ ዳቦው በአንድ በኩል አያርም። ነፋስና ብርድ ካለ ፍም መጨመር ያስፈልጋል። ዳቦው የሚጋገርበት ኮባ በማይገኝበት አገር በእስያ ምግብ መሸጫዎች በበረዶ የሚሸጠው የሙዝ ቅጠል ይተካዋል። ባለ 12 ኢንቹ ድስት ባዶውን ወደ 9 ኪሎ ስለሚመዝን መኪና እስከ ድንኳኑ ለማይደርስበት የእግር ጉዞ አይሆንም። ምንም ቢበርድ ደግሞ ፍም ያለበትን ዕቃ ድንኳን ውስጥ አያስገቡ፤ ጭስ ባይታይም ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

እኔ በካምፕ የመጀመሪያ ድስቴን ያጣሁት ቶሎ ላጥበው ብዬ ከእሳት እንደወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ስላፈሰስኩበት ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ ካስት አይረን በተራ ብየዳ ለምግብ ማብሰያነት አይመለስም። ድስቱ በራሱ ይብረድ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ።

አራተኛው እርምጃ ዕቃውን በእጅ ይዞ መመርመር ነው። ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና በጣትዎ ዳሩን ይጫኑት፤ ከተወዛወዘ መቀመጫው ጠማማ ነው። ክዳኑን ገጥመው ያዙሩት፣ ክፍተት እንዳይኖረው። በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብለው ቢመቱት ደኅናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። ባዶው ብረት ለአዲስ ገዢ ውድ መሆን የለበትም፤ ከ1896 ጀምሮ በቴነሲ ግዛት ሳውዝ ፒትስበርግ የሚሠራው ሎጅ የተባለው ኩባንያ ዕቃ በአነስተኛ ዋጋ ይገኛል። ውስጡ ሻካራ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ የአሸዋው ቅርጽ አሻራ ነው፣ ዘይት እየተገነባበት ሲሄድ ይለሰልሳል። እንደ ግሪስዎልድና ዋግነር ያሉ የድሮ መጥበሻዎች ውስጣቸው ተሞርዶ የለሰለሰ ስለሆነ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይፈለጋሉ። ዝገት አያስፈራዎት፤ በሽቦ ይፈተጋል። አሮጌ ድስት ሲገዙ ግን አንዳንድ ሰዎች ቀድሞ እርሳስ ብረት ያቀልጡበት ስለነበር በመደብር በሚሸጥ የእርሳስ መመርመሪያ መፈተሽ ይገባል፤ ካለበት ለምግብ አይሆንም።

የቀረው ማሟሸት ነው፤ ይህን ቃል ከምጣድና ከጀበና ስለምናውቀው ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ተሟሽቶ የመጣ ቢባል እንኳ አንድ ጊዜ በቤት መድገም ይጠቅማል። ዕቃውን አጥበው በእሳት ያድርቁት፤ ዘይት በጣም ስስ አድርገው ይቀቡትና ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ በንጹሕ ማሰሻ ይጥረጉት። ከዚያ በኦቨን ውስጥ ገልብጠው በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፣ እዚያው ይብረድ። ዘይቱ ከበዛ የሚያጣብቅ ሙጫ ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥብስና ቅባት ያለው ነገር ያብስሉበት፣ ቲማቲሙን ያቆዩት። ቡና ለመቁላት ደግሞ ሌላ ትንሽ መጥበሻ ይለዩ፤ የቡናው ቅባትና ሽታ በሽፋኑ ውስጥ ይቀራል፣ በማግስቱ የሚጠበሰው እንቁላልም ቡና ቡና ይሸታል።